ድብልብል የአማርኛ ፊደል ለታፔላ፦ የ«ቤ» ቀለበት እየተደፈነብኝ ነው

ሐዋሳ_ስቲከር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ ትንሽ የታፔላና የስቲከር ሱቅ አለኝ። አንድ ፕሎተር፣ አንድ ሌዘር መቁረጫ፣ እኔና አንድ ረዳት ልጅ ነን።

ባለፈው ወር አንዲት ሴትዮ ጁስ ቤት ልከፍት ነው ብላ መጣች። ስልኳ ላይ የአንድ የውጭ አገር አይስክሬም ቤት ፎቶ አሳየችኝ። ጽሑፉ ወፍራም ነው፤ ጫፉ ሁሉ ክብ ነው፤ ድምቡሽቡሽ ያለ ሕፃን ይመስላል። «እንደዚህ አድርገሽ ‹ጭማቂ ቤት› ብለሽ ጻፊልኝ» አለች። ቀላል መስሎኝ ቀብድ ተቀበልኩ።

የእንግሊዝኛውን ስም ቫግ ራውንድድ በሚባለው ክብ የላቲን ፎንት ጻፍኩት። ወዲያው ቁጭ አለ። አማርኛው ግን ሦስት ሌሊት በላብኝ። መጀመሪያ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት፣ ያውም በጣም ወፍራሙን ወሰድኩና ማዕዘኖቹን ኢላስትሬተር በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም አከበብኳቸው። ብዙ የታጠበበት ሳሙና መሰለ። ቀጥዬ ቀጭኑን ወስጄ ዙሪያውን ስትሮክ፣ ማለትም ወፍራም የጠርዝ መስመር፣ ጨመርኩበት። አሁን ክብ ሆነ፤ ግን «ጭ» ጥቁር ጉብታ ሆና ቀረች። የ«ቤ» ቀለበት ውስጥ የቀረችው ቀዳዳ የምስር ፍሬ ታክላለች። ስቲከሩን ቆርጬ ቀዳዳዋን በመርፌ ላወጣ ስታገል ቀለበቷ ራሷ ተቀደደች። በመጨረሻ ደፍኜ ለጠፍኳት። ሴትዮዋ ከመንገድ ማዶ ቆማ አየችውና «‹ጭማቂ ቢት› ነው እንዴ የሚለው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቀለበት የሌላት ቤ፣ ቢ ነች።

ገንዘቧን ልመልስላት ብል እምቢ አለች፤ «ጊዜ ውሰጂና አስተካክይው» ብላኛለች። ስለዚህ ምክር እፈልጋለሁ። እንደዚህ ዓይነት ፊደል ከባዶ ልሥራ ብል ከየት ልጀምር? ወንድሜ ደግሞ «ተዪው፣ የኛ ፊደል ማዕዘን ያለው ነው፣ ክብ አይሆንለትም» ይለኛል። እውነት ነው?

ጋሽ_ብሩሽ፦

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ቀለበት የሌላት ቤ፣ ቢ ነች» ያልሽው ደስ አለኝ። ችግሩን ራስሽ አግኝተሽዋል።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በ1982 ዓ.ም. ነው ታፔላ መጻፍ የጀመርኩት፤ በብሩሽና በዘይት ቀለም፣ ቆርቆሮ ላይ። ኮምፒውተር ሲመጣ በስተእርጅና ተማርኩ። አሁን ለደንበኛ ፊደል እሥላለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ።

ከወንድምሽ ልነሳ። ፊደላችን ማዕዘን ያለው የሚመስለው ከመሣሪያው የተነሳ ነው። ብራና ላይ የሚጻፈው በመቃ ብዕር ነው። መቃው ጫፉ ጠፍጣፋ ሆኖ ስለሚቆረጥ ወደ ታች ሲሳብ ወፍራም፣ ወደ ጎን ሲሄድ ቀጭን መስመር ይሰጣል። አናቱ ላይ የምናየው ሰያፍ ቁራጭም የብዕሩ አሻራ ነው። የፊደሉ አጥንት ሌላ ነገር ነው። እስቲ ዐን፣ ፀን፣ ቀን፣ ወን፣ መን ተመልከቺ። ሁሉም ክብ ናቸው። እኔን ያስተማሩኝ ሰው በክብ ብሩሽ ሲጽፉ እያንዳንዱን እግር ጨርሰው ብሩሹን ጣታቸው መሃል ትንሽ ያዞሩት ነበር። ጫፉ እንደ እንቁላል ክብ ብሎ ይቀራል። ስለ ራውንድድ ፎንት ሰምተው አያውቁም። ብሩሹ ነው ያን ያደረገው። ስለዚህ ወንድምሽን «ይሆንለታል» በይው።

አሁን ወደ ሥራው። ሁለት ስህተት ሠርተሻል። ሁለቱንም እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

አንደኛው፣ ማዕዘን ያለውን ፊደል ወስዶ ማዕዘኑን ማክበብ ነው። ይህ ክብ ፊደል አይሰጥሽም፤ የተበላ ፊደል ነው የሚሰጥሽ። ድብልብል ፊደል ከውስጥ ነው የሚጀምረው። ቀጭን አጽም ሣይ፤ አንድ መስመር ብቻ፣ በክብ ጫፍ ማርከር እንደጻፍሽው አድርገሽ። ከዚያ አጽሙን ሥጋ አልብሺው።

ሁለተኛው፣ ሁሉንም እኩል ማወፈር ነው። የላቲኑ ላይ ብዙም አይጎዳም። ኤች ወይም ኤል ውስጡ የሚደፈን ነገር የለውም። የኛ ፊደል ግን አናባቢውን የሚነግረን በትናንሽ ነገር ነው፤ በቀለበት፣ በክንድ፣ በእግር ርዝመት። ውፍረት መጀመሪያ የሚበላው እነሱን ነው።

በቁጥር ላሳይሽ። ፊደልሽ ቁመቱ 720 ነጥብ (ነጥብ የፊደል መሣያ መለኪያ ናት)፣ እግሩ ደግሞ 190 ነጥብ ወፍራም ነው እንበል። የቤ ቀለበት ከዳር እስከ ዳር 300 ናት። ዙሪያዋን በ190 ከሳልሻት ግራና ቀኙ ተደምሮ 380 ይሆናል። ከቀለበቷ ይበልጣል! ቀዳዳ የሚባል ነገር አይኖርም። የቀለበቷን መስመር 100 ብታደርጊው 100 ነጥብ ቀዳዳ ይቀርልሻል። ፊደሉ ራሱ ሰላሳ ሴንቲ ቁመት ሲኖረው ያ 4 ሴንቲ ያህል ነው። ጣትሽ ይገባበታል፤ መርፌ አያስፈልግሽም። «ቀለበቷ ከእግሩ ቀጥና አትታይም ወይ?» ትዪኝ ይሆናል። አትታይም። ትንሽ ክብ ነገር ዓይን ላይ ጠቆር ብሎ ነው የሚታየው።

ፀም እንደዚሁ ነች። ላይዋ፣ ታችዋና መሃሏ ሦስት አግድም መስመር አለ። ሦስት ጊዜ 190፣ 570 ነው። ከ720 ሲቀነስ 150 ይቀራል፤ ለሁለቱ ክፍተት 75 ፣ 75 ይደርሳቸዋል። ከሩቅ ድፍን ኳስ ናት። ላይና ታቹን 140፣ መሃሉን 110 አድርጊና ተመልከቺ። እያንዳንዱ ክፍተት 165 ይሆናል። ያኔ ፀ፣ ፀ ትሆናለች። በአጠቃላይ አግድሙ ከቁሙ ቀጠን ይበል። እኩል ከሆኑ አግድሙ ወፍሮ ይታያል።

ባ እና ቦን በጥንቃቄ ያዣቸው። ልዩነታቸው የትኛው እግር አጠረ የሚለው ብቻ ነው። እግር ሲወፍርና ጫፉ ሲከብ አጭሯ እግር ኳስ መስላ ትቀራለች። ልዩነቱን ደፍረሽ አጉይው። እኔ ረጅሟ መሬት ስትነካ አጭሯን ሲሶ ያህል ከፍ አድርጌ ነው የማቆማት። ደግሞ ክብ ጫፍ ያለው እግር ልክ መስመሩ ላይ ቢቆም ተንጠልጥሎ ይታያል። ከ10 እስከ 12 ነጥብ ዝቅ ይበል። የቢ እግር ግን ታችዋ ጠፍጣፋ ስለሆነ መስመሩ ላይ ትቁም።

ሰ እና ሸ፣ ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ የሚለዩት አናት ላይ ባለው አግድም ነው። ድሮ ሰያፉ ቁራጭ ያግዘው ነበር። አንቺ ዘንድ ያ የለም። ስለዚህ አግድሙ እንደ ካፕሱል ክኒን ሁለት ጫፉ ክብ ሆኖ ግራና ቀኝ በደንብ ይውጣ።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም አይነግርሽም። ጫፉን አክብቢ እንጂ መገናኛውን አታክብቢ። ሐ እና ጠ ላይ እግሮቹ ከላይ የሚገናኙበት የውስጥ ጥግ አለ። እሱን ካከበብሽው ቀለም እዚያ ይጠራቀምና ፊደሉ የተነፋ ጉንጭ ይመስላል። ውስጡ ሹል ይሁን። እንዲያውም ትንሽ ቆፍሪው።

የምትጀምሪው ደግሞ ከሀ አይሁን። ሀ ቀላል ናት፤ ምንም አትነግርሽም። መጀመሪያ ቤን፣ ፀን፣ ጨን፣ ሸን፣ መን፣ ሐን ሣይ። እነዚህ ስድስቱ ከተስማሙ ሌላው ይከተላል። 33 ዋና ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው። ቨ፣ እነ ቋና ጓ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ሙሉ ፎንት ከ300 ያልፋል። ግን ለጁስ ቤት ያ ሁሉ አያስፈልግሽም። የሚያስፈልግሽ ጭ፣ ማ፣ ቂ፣ ቤ፣ ት ነው። አምስት ፊደል! እነሱን ኢንክስኬፕ በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ሣይና ሴትዮዋን አስደስቻት። ፎንቱን በኋላ ፎንትፎርጅ በሚባለው የፎንት መሥሪያ ፕሮግራም ቀስ ብለሽ ትገነቢዋለሽ። ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ።

ከኖቶ ተነስተሽ መሥራትም ትችያለሽ። ፈቃዱ ኦፕን ፎንት ላይሰንስ ነው፤ ማሻሻል ይፈቅዳል። የሠራሽውን ግን በዚያው ፈቃድ ነው መልቀቅ ያለብሽ፤ ፎንቱን ለብቻው መሸጥም አይፈቀድም። እንደኔ ግን አጽሙን በራስሽ እጅ ብትስዪው ይሻላል።

የት ይሆናል ብትዪኝ፣ በአጭርና በትልቅ ጽሑፍ ላይ ያምራል። ጁስ ቤት፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ የብስኩት ማሸጊያ፣ የልጆች መጽሐፍ ሽፋን። ቫግ ራውንድድ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1979 ለቮልስዋገን የተሠራ ነው፤ የመኪና መሸጫዎቹ ላይ በትልቁ እንዲታይ። በኋላ በአፕል ኪቦርዶች ላይ ለዓመታት ያየነውም እሱ ነው። አንድ ፊደል፣ አንድ ቁልፍ። ረጅም አንቀጽ ላይ ግን ዓይን ያደክማል።

ቦታውን ስቼ አውቃለሁ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ቤተሰብ የለቅሶ ባነር ጻፍኩ። በሰሞኑ በለመድኩት ድብልብል ፊደል ነበር የጻፍኩት፤ አላሰብኩበትም። የሟች ልጅ መጥቶ አየው። ምንም አላለኝም፤ ዝም ብሎ ቆመ። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሌሊቱን በቁም ጽሕፈት መልክ እንደገና ጻፍኩትና ጠዋት ራሴ ወስጄ ሰቀልኩት። ከዚያ ወዲህ ፊደል ከመምረጤ በፊት «ማን ነው የሚያነበው?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ናታንያ_ያለሁ፦

ሰላም። እኔ እስራኤል ነው የምኖረው፤ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ እሠራለሁ። የግድግዳ ጽሑፎቻችንን በዕብራይስጥና በአማርኛ አዘጋጃለሁ። ዕብራይስጡን በፍሬዶካ እጽፋለሁ፤ ወፍራምና ክብ ነው፣ ልጆቹ ይወዱታል። ከጎኑ የሚቆም አማርኛ ግን አጥቼ ቀጭን ፊደል ነበር የማደርገው። ዕብራይስጡ በፌሽታ ላይ ያለ፣ አማርኛው ያኮረፈ ይመስል ነበር። አማርኛው የወላጆቻቸውና የአያቶቻቸው ቋንቋ ነው። ልጆቹ ሲያዩት እንዲህ እንዲመስላቸው አልፈልግም።

ጋሽዬ ስለ ባ እና ቦ ያሉት ትክክል ነው። ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ፊደል ቤት ውስጥ አስተምረዋለሁ። አንድ ቀን ወፍራም አድርጌ የጻፍኩለትን «ቦርሳ» «ባርሳ» ብሎ አነበበው። የተቆጣሁት እሱን ነበር። በኋላ ወረቀቱን ራቅ አድርጌ ሳየው እኔም መለየት አቃተኝ።

እህቴ፣ ፎንቱን ከጨረስሽው እባክሽ እዚህ አሳውቂን።

ራውተር_ቤት፦

ሰላም ነው? እኔ የምሠራው በሲኤንሲ ራውተር ነው፤ በኮምፒውተር በሚመራ መቁረጫ ማሽን አክሪሊክና ኤምዲኤፍ የሚባለውን የተጨመቀ እንጨት እቆርጣለሁ። ከማሽኑ በኩል አንድ ነገር ልጨምር። የራውተር ምላጭ ክብ ነው። በ6 ሚሊ ምላጭ ስትቆርጪ የውስጥ ጥግ ሁሉ 3 ሚሊ ክብ ሆኖ ይቀራል፤ ሹል የሚባል አይወጣም። ስለዚህ ጋሼ «ውስጡ ሹል ይሁን» ያሉትን ማሽኑ ትንሽ ያከብበዋል። ቀድመሽ ቆፈር ካደረግሽው ግን ልኩን ያገኛል።

መብራት ያለው ታፔላ ከሆነ ድብልብል ፊደል ተመራጭ ነው። ሹል ጥግ ላይ ብርሃን አይደርስም፤ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ክብ ጫፍ እኩል ይበራል። ቀለበቷን ግን የኤልኢዲ ሞጁል እንዲያስገባ አድርጊያት። እኔ ከ3 ሴንቲ በታች አልሠራም።

ሐዋሳ_ስቲከር፦

ጋሽዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

አምስቱን ፊደል ሣልኳቸው። ወረቀት ላይ በማርከር ጀመርኩ፤ እንዳሉኝ አጽሙን ብቻ። ቤ በመጀመሪያው ቀን አለቀች። ቀለበቷን 100 ሳደርጋት በጣም የቀጠነች መስሎኝ ነበር። አትሜ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ከሱቁ በር ሆኜ ሳያት ልክ ናት። ያስቸገረችኝ ጭ ነበረች። ግራና ቀኝ ያሉት ቀለበቶች ከእግሮቹ ጋር እየተጣበቁ አራት ጊዜ አፈረስኳት። በመጨረሻ ፊደሏን ራሷን ሰፋ አደረግኳት፤ ከማ አንድ ሩብ ያህል ትሰፋለች። ተነፈሰች።

ታፔላው ትናንት ተሰቀለ። ሴትዮዋ መንገዱን ተሻግራ ቆመች። ጮክ ብላ «ጭማቂ ቤት!» ብላ አነበበችው። ረዳቴ አጨበጨበ። ወንድሜም መጥቶ አየው። ብዙ አላወራም፤ ለራሱ ሱቅ እንድሠራለት ጠየቀኝ።

አሁን ሌላ ጥያቄ አለኝ። ጎረቤቷ አይታው «ለኔም ‹ቡና› በይልኝ» አለች። ቡ እና ና ጎን ለጎን አልስማማ አሉኝ። የቡ ክንድ ወጥቶ ናን ይወጋታል። ሳርቃቸው ቃሉ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ሳቀርባቸው ይጣበቃሉ። ክንዱን ባሳጥረው ደግሞ ኪንታሮት መሰለ።

ጋሽ_ብሩሽ፦

ጎሽ የኔ ልጅ! ጭን ማስፋትሽ ትክክል ነው። እኔ ልነግርሽ ረስቼው ነበር። ሦስት እግርና ሁለት ቀለበት ያላትን ፊደል ከሌሎቹ እኩል ቦታ ውስጥ መክተት ግፍ ነው።

የቡ ክንድ ኪንታሮት የመሰለው ውፍረቱ ከርዝመቱ ስለበለጠ ነው። 190 ወፍራም የሆነ ነገር 120 ብቻ ቢወጣ ክንድ ሊሆን አይችልም። ክንዱን 130 አቅጥኚውና 160 ይውጣ። ያኔ ክንድ መሆኑ ይታያል። ክንዱ ካዕብ መሆኑን የሚነግር ስለሆነ ከዚያ በላይ አታሳጥሪው።

ቀጥሎ ክንዱ የቆመበትን ከፍታ ተመልከቺ። ወደ ላይም ወደ ታችም 30 ነጥብ ያህል ብታንቀሳቅሺው ማንም ቡ አይደለችም አይልም። ና ጎን ላይ ባዶ ቦታ ያለው የት እንደሆነ እዪና ክንዱን ወደዚያ አዙሪው። ሁለቱን ፊደላት ወረቀት ላይ አትሚና በመቀስ ቁረጫቸው። ጠረጴዛ ላይ በእጅሽ እያቀረብሽና እያራቅሽ ሞክሪ። ስክሪን ላይ ከምታገኚው ፈጥኖ ይገባሻል። ልክ ሲመጣ በፕላስተር ያዣቸውና ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊልኝ፤ ማታ አየዋለሁ።